ሁላ፦ ከእገዳ እስከ ሳንቲም

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የሃያ አምስት ሳንቲም ገንዘብ ላይ የአንዲት ሴት መልክ አለ። ፀጉሯ ቁልቁል እየወረደ ተራራና ባሕር ዳርቻ ይሆናል። ከጎኗ ዕውቀትን የሚለምን የራሷ ዝማሬ በሃዋይኛ ተቀርጿል። ኢዲት ካናካኦሌ ትባላለች፤ የውዝዋዜ መምህርት ነበረች። የሚገርመው፣ ሳንቲሙን ያተመው ደሴቶቹን የጠቀለለው መንግሥት ነው፤ ቋንቋውም በ1896 በወጣ ሕግ ከትምህርት ቤት የተባረረው ቋንቋ ነው።

ሁላን ብዙ ሰው የሚያውቀው በወገብ እንቅስቃሴና በአበባ ጉንጉን ነው። ለሃዋይ ሰው ግን መጀመሪያ ቃል ነው። ፊደል ከመግባቱ በፊት የነገሥታት የዘር ሐረግ፣ የባሕር ጉዞና የአማልክት ታሪክ በቃል ግጥም ይያዝ ነበር፤ እጅና እግር የሚከተሉት ያንን ቃል ነው። ግጥሙም ሰምና ወርቅ አለው። ላይ ላዩን ስለ ዝናብና ስለ አበባ ያወራል፤ ውስጡ ፍቅር ወይም የአንድ ንጉሥ ውለታ ተቀምጧል። እነሱ "ካኦና" ይሉታል፤ ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1820 የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ደረሱ። ክርስትናን የተቀበለችው ኃያሏ ንግሥት ካአሁማኑ በ1830 ሁላ በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለች። በ1850ዎቹ ደግሞ በክፍያ ፈቃድ የሚታይ ነገር ሆነ። ውዝዋዜው ግን አልሞተም፤ ወደ ገጠርና ወደ ጓዳ ገባ እንጂ። በብዙ ቤት አስተማሪዋ አያት፣ ተማሪዋ የልጅ ልጅ ሆነች።

ንጉሥ ካላካውአ በ1883 የዘውድ በዓሉን ሲያከብር ሁላን በግልጽ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ መለሰው። ቁጣው ቀላል አልነበረም፤ የመዝሙሮቹን ዝርዝር ያተሙ ሰዎች ጸያፍ ጽሑፍ አሳትማችኋል ተብለው ተከሰሱ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ አረፈ። በ1893 እህቱ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋን ተገለበጠች፤ በ1898 ሃዋይ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች።

ቀጥሎ የመጣው ቱሪስት ነው። በ1937 ኮዳክ፣ ያው የፎቶ ፊልም ሻጩ፣ በዋይኪኪ በቀን ብርሃን የሚታይ የሁላ ትርዒት ጀመረ። ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፣ ፊልም ይገዛል። ትርዒቱ እስከ 2002 ዘለቀ። ይህንን ማውገዝ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ተወዛዋዦች እንጀራ ነበር፣ ገንዘብ መቀበልም ነውር አይደለም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ተመልካቹ ቋንቋውን ስለማይሰማ ግጥሙ ማጀቢያ ሆኖ ቀረ።

የካናካኦሌ ቤተሰብ ሚና የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኢዲት በ1913 ተወለደች፤ ሁላን የተማረችው ከእናቷ ነው። በ1953 ሂሎ ከተማ ውስጥ ሃላው ኦ ኬኩሂ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመች። የቤቱ ስልት ለስለስ ያለው የሆቴል ሁላ አይደለም። ጉልበት ታጥፎ፣ ሰውነት ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ድምፅ ከሆድ እየወጣ የእሳተ ገሞራዋን አምላክ የፔሌን ታሪክ ይተርካል። ኪላዌያ የምትባለው ንቁ እሳተ ገሞራ ያለችውም እዚያው ደሴት ላይ ነው።

የኢዲት ትልቁ ድፍረት ግን በሩን መክፈቷ ይመስላል። ከእናት ለልጅ የሚተላለፈውን ዕውቀት ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ይዛው ገባች፤ ቋንቋውን፣ የዘር ሐረጉንና ዝማሬውን አንድ ላይ አስተማረች። የቤተሰብ ምስጢር ለማንም ተማሪ ሲከፈት ሊቀል፣ ሊሸጥ ይችላል። ቢዘጋ ደግሞ ከጥቂት አሮጊቶች ጋር ሊቀበር ይችላል። እሷ የመጀመሪያውን አደጋ መረጠች።

በ1979 ስታርፍ ሴት ልጆቿ ፑአላኒና ናላኒ ትምህርት ቤቱን ተረከቡ፤ በ1993 ሁለቱም የአገሪቱን ከፍተኛ የባህል ጥበብ ሽልማት አገኙ። ከእነሱ ቀጥሎ ማስተማሩ ወደ ልጅ ልጆቿ ተላልፏል። በሂሎ በየዓመቱ ከፋሲካ ሳምንት ጋር የሚከበረው ትልቁ የሁላ በዓል የተሰየመው በዚያ በ1883 በተወቀሰው ንጉሥ ነው፤ ስታዲየሙም የኢዲት ካናካኦሌን ስም ይዟል።