የፊኛ ቢልሃርዝያ እንቁላል
መስታወት፣ በቀለም የተነከረ ስስ የፊኛ ሥጋ፤ ግብጽ፤ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ (እ.ኤ.አ.)

በአጉሊ መነጽር እየታየ ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ ያገለገለው ይህ ናሙና የያዘው ባለ እሾህ እንቁላል፣ ሐኪሙ ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ አስከሬን ሲመረምር ያገኘው ጥገኛ ትል የሚጥለው ሲሆን፣ በፊኛ ግድግዳ ተቀብሮ ሥጋውን ስለሚያስቆጣ ሽንትን ከደም ይቀላቅላል፤ ነቀርሳ የሚመስል እባጭም ያበቅላል። ቢልሃርዝያንና ነቀርሳን ለይቶ የሚያስረዳው እንዲህ ያለው የሥጋ ምርመራ ነው፤ ነገር ግን ሳይታከም የቆየ ቢልሃርዝያ ራሱ ነቀርሳን ሊወልድ ስለሚችል፣ የእንቁላሉ መገኘት ብቻ ነቀርሳ አለመኖሩን አያረጋግጥም። የደዌውን ጥንታዊነት ደግሞ ማርክ አርማንድ ሩፈር በ1910 መስክሯል፤ በ20ኛው ሥርወ መንግሥት በደረቁ የግብጽ አስከሬኖች ኩላሊት ውስጥ ይህንኑ እንቁላል አግኝቷልና።