ጥጡ ከአዋሽ፣ ጥለቱ ከወዴት?

የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በአዳማ በኩል ሽቅብ ከሚያጓጉዘው ሸቀጥ ዋነኛው አቡጀዲ ነበር። መጀመሪያ ከአሜሪካ፣ በ1920ዎቹ ደግሞ ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣው ይህ ርካሽ ጨርቅ የአገሬውን ሸማኔ ገበያ ተሻማ። ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቅ ታሪካችን አንድ ጥያቄ ሲከተለው ኖሯል፦ የምንለብሰውን የሚነድፈው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ከአዳማ አቅራቢያ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ መብራት ከመስጠቱ ሌላ የአዋሽን ፍሰት ስለገራው፣ ከአሚባራ እስከ ተንዳሆ ለተስፋፋው የጥጥ እርሻ መሠረት ሆነ። ከዚሁ ካሳ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተገንብቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂን ማስተማር ያዘ። ጥጡ በአዋሽ ሸለቆ ሲለቀም ትምህርቱ ጣና ዳር ከተመ ማለት ነው።

ፖሊቴክኒኩ ያፈራቸው በዋናነት የፋብሪካ ባለሙያዎችን ነበር። ሠዓሊው ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ሸማኔው ከሁለቱም ርቆ፣ ሽሮ ሜዳን በመሰሉ መንደሮች ሙያውን ከአባቱ ወረሰ። የማሽን፣ የቀለምና የእጅ ዕውቀት ለረጅም ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር አልተገናኙም።

ሸማኔው ጥበብ ሲሠራ ያየ ሰው የጎደለንን ይረዳል። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ነጩ ሸማ ቶሎ ቶሎ ይረዝማል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ይዘገያል። ድሩን በጣቱ ቆጥሮ ያነሣል፣ ባለ ቀለሙን ክር ያሳልፋል፣ ነጭ ማግ ያስከትልና ያጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ ንድፉ በወረቀት አልሰፈረም፤ ቁጥሩ በአእምሮው ነው።

ይህን ጥለት ወደ ፋብሪካ ማሻገር መገልበጥ ብቻ አይደለም። የነጠላ ጥበብ ቦታው ጫፍ ላይ ነው፤ የፋብሪካ ጨርቅ ግን ከጥቅል እየተፈታ ሜትር በሜትር ይቀጥላል። ስለዚህ የንድፉ ታች ከራሱ ላይ፣ ግራው ከቀኙ ጋር ስፌቱ ሳይታይ መግጠም አለበት። በስክሪን ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ይፈልጋል። ለጥጥ የሚሆነው ማቅለሚያም ለፖሊስተር አይሆንም። በዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ትምህርት ኬሚስትሪን፣ ሥዕልንና ሽመናን ያጣመረው ለዚህ ነው። በጀርመን በ1919 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ባውሃውስም በሽመና ክፍሉ ሥዕልንና እጅ ሥራን አገናኝቶ ለፋብሪካ የሚሆን ጨርቅ ነድፏል።

ባሕር ዳር ዛሬ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት፤ ከምህንድስናው ጎን የፋሽን ዲዛይን በዲግሪ ይሰጣል። አዳማ በበኩሏ በ2011 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀ፣ ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት የታሰበ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ነገር ግን ለውጭ ገበያ በሚሰፋ ልብስ ንድፉን የሚልከው ገዢው ነው፤ ለእኛ የሚቀረው መቁረጥና መስፋት ነው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለአፍሪካ ሸቀጦች ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው ከአጎዋ ስታስወጣ የሰው ንድፍ እየሰፉ መኖር ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ታየ።

የአገር ውስጡም ገበያ ከዚህ አልራቀም። ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው ሕዝብ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ልብስ፣ የኦዳ ዛፍ ሥዕል ያለበት ጨርቅ ይፈልጋል። የሐበሻ ጥለት የታተመበት የቻይና ፖሊስተርም ከሸማኔው ሥራ ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ፈላጊ ሞልቷል፤ ያነሰው ነዳፊ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የቀድሞው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ፣ የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የኬሚካልና የማቴሪያል ምህንድስና ያስተምራል። ፓርኩ እዚያው ከተማ ነው፤ ጥጥ የሚበቅልበት ሸለቆም በአዋሽ ቁልቁል ነው። በዚህ ላይ የጨርቅ ዲዛይን ትምህርት ቢጨመርና ሸማኔው በመምህርነት፣ ለዕውቀቱ ተከፍሎት፣ ቢጠራ ሦስቱ ዕውቀቶች በአንድ ከተማ ይገናኛሉ። ከአንድ ልብስ ዋጋ ትንሹ ድርሻ የሰፊው ነው፤ የነዳፊውን ድርሻ ማግኘት የምንችለው ነዳፊ ስናስተምር ነው።