ያልተደረገው ሙከራ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2004 በአሜሪካ ዩታ በረሃ ሄሊኮፕተሮች ካፕሱል ይጠብቁ ነበር። የናሳዋ ጀነሲስ መንኮራኩር ከሁለት ዓመት በላይ የሰበሰበችውን የፀሐይ ነፋስ ቅንጣት የያዘውን ካፕሱል አየር ላይ ሊቀልቡት ነበር። ፓራሹቱ ግን አልተከፈተም። ካፕሱሉ በሰዓት 310 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ከመሬት ተላተመ።

ምክንያቱ ሲመረመር፣ ፓራሹቱን የሚያስከፍቱት ጥቃቅን ጠቋሚዎች ተገልብጠው ተገኙ። ስህተቱ የገጣጣሚዎቹ አልነበረም፤ ንድፉ ራሱ የተገለበጠ ነበር። ከመምጠቋ በፊት የታቀደው የሽክርክሪት ሙከራ ቢደረግ ኖሮ ይጋለጥ ነበር። ሆኖም ሥራው ከቀዳሚዋ ስታርደስት የተወረሰ ነው ተብሎ ሙከራው ቀረ፤ በምትኩ ንድፎቹ በወረቀት ተመሳከሩ።

ሳይንቲስቶች ከስብርባሪው ጠቃሚ ናሙና አትርፈዋል። «ያኛው ሠርቷል፣ ይሄም ይሠራል» ማለት ግን ፍተሻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።