ከደጅ ጥናት ወደ ማመልከቻ

በአገራችን ሥራ መጠየቅና ምሕረት መለመን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስላሉ። ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት የሚጽፈውን የሥራ ማመልከቻ አንስተን ብናየው፣ ብዙውን ጊዜ ግማሹ አቤቱታ ነው። ችግረኛ መሆኑን፣ ወላጆቹ መድከማቸውን፣ ከተመረቀ ዓመት ማለፉን ይነግረናል። ምን መሥራት እንደሚችል ግን ብንፈልግ አናገኘውም። ይህ ነገር ከየት መጣ? ጠባያችን ነው ብለን እንዳናልፈው ታሪክ አለው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ያንን ታሪክ እንቃኛለን።

ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት ሥራ ፈላጊ ደጅ ይጠና ነበር። ሹመት ወይም እንዲያው እንጀራ የፈለገ ሰው ከመኳንንቱ ደጅ ይከርማል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲጓዝ ያጅባል፣ አማላጅ ይልካል፣ እጅ መንሻ ያቀርባል። ዋናው ቁም ነገር መታየት ነበር። መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ጎጃም ላይ ሲነግሡ የነበረው ወግ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ደጅ ጠኚው ዝም ብሎ ብቻ አይቆምም ነበር። ግብር በሚበላበት ቀን ጀግናው ተነስቶ ይፎክራል። የት እንደዘመተ፣ ማንን እንደጣለ፣ ከማን ጋር እንደዋለ ይቆጥራል። እኛ ዛሬ ሲቪ የምንለው ነገር ያኔ በአፍ ነበር ማለት ነው! በዚያ ላይ አብረውት የዘመቱት እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታልና ያልዋለበትን ዋልኩ ቢል ያፍራል። ፉከራ ጉራ ብቻ አልነበረም፤ ምስክር ያለው ቃል ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የቅኔ ቤቱ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ለአንባቢ አይነገርም። ከዋሸራ፣ ከጎንጅ፣ ከዲማ ተምሮ የመጣ ሰው «ቅኔ አውቃለሁ» ቢል «ከማን ተማርክ?» ይባላል። የመምህሩ ስም ማስረጃው ነው። ያም አልበቃ ካለ እዚያው ቁሞ ይቀኛል። ፈተናውና ምስክሩ በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ሦስተኛው አቤቱታ ነው። ቃሉ ራሱ «አቤት!» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው። የተበደለ ሰው ከንጉሡ ደጅ ቁሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኻል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ በተነሣ ጊዜ፣ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ከማምራቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ አቤት ባዮችን ልኳል። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሱ። እንግዲህ አቤቱታ ለመብት የሚቆም ሰው መሣሪያ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ቢሮ በመጣ ጊዜ ወረቀቱ የወረሰው ፉከራውንና ቅኔውን ሳይሆን አቤቱታውን መሆኑ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ተከትሎም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያን ዘመን የተማረው ጥቂት ስለነበረ የተማረውን ሥራው ራሱ ይፈልገው ነበር እንጂ እሱ ሥራ አይፈልግም ነበር። ተማሪው ሲበዛ፣ መሥሪያ ቤቱም ሲሰፋ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ቅጽ፣ ፋይል፣ ፈተናና ውድድር መጡ። ሕዝቡ ግን ከመንግሥት ጋር በወረቀት መነጋገር የሚያውቀው ከፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ነበር። ገበሬው በገበያ ቀን ይመጣና «አያ፣ እስቲ ችግሬን ጣፍልኝ» ይላል። ጸሐፊውም ያው የለመደውን ይጽፋል። የገበሬው ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ሲጠይቅም ያችው ጠረጴዛ፣ ያው አጻጻፍ ጠበቀው።

በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመንግሥት ይመደብ ነበርና ስለራሱ መጻፍን ሳይለምድ ቀረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው እየቀረ፣ የግል ድርጅቱና የእርዳታ ድርጅቱ እየበዛ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም መጣ። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልገውን ወጣት ያላየ የለም። «ሲቪ አያይዛችሁ» የሚለውም ያኔ ተለመደ። ሲቪ አያይዙ ቢባልም እላዩ ላይ የሚቀመጠው ደብዳቤ ግን አቤቱታ እንደሆነ ቀጠለ።

እስቲ አሁን በጮቄ ተራሮች ግርጌ ወዳለችው ወደ ሮብ ገበያ እንውጣ። ስሟ እንደሚለው ገበያዋ ሮብ ነው። በግ ሻጩ ምን ያደርጋል? «ቤቴ ችግር ነው፣ እባክህ ግዛኝ» አይልም። የበጉን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያሳያል፣ ላቱን ያስዳብሳል፣ ከዚያ ዋጋውን ይጠራል። ገዢውም አያምነውም፤ ራሱ ይዳብሳል። ይኸን የሚያውቅ አባት ልጁ ለሥራ ሲጽፍ ለምን ልመና እንደሚጽፍ ቢጠየቅ መልስ ያለው አይመስለንም።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የጻፈው የሥራ ደብዳቤ ችሎታውን በአሥር ነጥብ ይዘረዝራል። ገዥው ጦርነት ያሰጋው ነበርና ድልድይን፣ መድፍን፣ የተሸፈነ ሠረገላን አስቀደመ። ዛሬ ዓለም የሚያውቅበትን ሥዕል ከመጨረሻው ላይ አደረገው። የሚያኮራውን ሳይሆን ተቀባዩ የሚፈልገውን አስቀደመ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እንጻፍ? ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ» ከሚለው ጎን የትኛው የሥራ መደብ እንደሆነ በስሙ ይጠራ። ከዚያ ማስታወቂያው የጠየቀውን አንድ በአንድ ይዘን ሠርተን የምናውቀውን እናስቀምጥ። «ችግረኛ ስለሆንኩ እንድትተባበሩኝ» ከማለት «ሁለት ክረምት የኅብረት ሥራ ማኅበር የድንች ሽያጭ መዝገብ ይዣለሁ» ማለት ይሻላል። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ ደመወዝ ስላልነበረው እንተወዋለን፤ ጥርሱ እኮ እሱ ነው! ሲቪው ላይ የቅርቡ ይቅደም፣ ዓመተ ምሕረቱ አይሳሳት፣ ምስክር የሚሆነን ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ። ያልዋልንበትንም ዋልን አንበል። ፎካሪው ያፍር የነበረው በጓዶቹ ፊት ነው፤ እኛ ደግሞ በጠያቂዎቻችን ፊት እናፍራለን።

«ይኸ ሁሉ ቢጻፍ፣ ዘመድ የሌለው መች ይቀጠራል?» የሚል ይኖራል። ደጅ ጥናቱ ከነአማላጁ ጨርሶ አልሞተምና ጥያቄው ከባድ ነው። ነገር ግን ከ1961ዱ ትእዛዝ ወዲህ የወጡት ሕጎች፣ አዋጅ ቁጥር 262/1994ም ሆነ 515/1999፣ ቅጥር በችሎታ ይሁን ሲሉ ኖረዋል። የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት በር አለ ማለት ነው። እዚያ በር ላይ ሲቆም በእጁ ምን ይይዛል? ችግሩን ብቻ የጻፈ ሰው የሚያሳየው ችግሩን ብቻ ነው። ችሎታውን ከነማስረጃው የጻፈ ሰው ግን «ይኸው የጠየቃችሁት፣ ይኸው ያቀረብኩት» ይላል። ስለዚህ ማመልከቻችንን አቤቱታ አናድርገው፤ አቤቱታ ማቅረብ ባስፈለገን ቀን የምንቆመው በዚያው ማመልከቻ ላይ ነውና።