ግሌንዳ ጃክሰን፡- ከመድረክ ፓርላማ፣ ከፓርላማ መድረክ

እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ግሌንዳ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1936 ከግንበኛ አባት በበርከንሄድ ተወለደች፡፡ ‹‹ዉመን ኢን ላቭ›› (1970) እና ‹‹ኤ ተች ኦፍ ክላስ›› (1973) በተሰኙት ፊልሞች ሁለት ኦስካር አሸንፋለች፤ በሁለቱም የሽልማት ሥነ ሥርዓቶች ላይ ግን አልተገኘችም፡፡ በ1992 በሌበር ፓርቲ ዕጩነት ተመርጣ ትወናን በመተው ለ23 ዓመታት በፓርላማ አገለገለች፡፡ የገዛ ፓርቲዋ መንግሥት በ2003 የገባበትን የኢራቅ ጦርነትም ተቃውማለች፡፡

ብዙዎች ስሟን ከኦስካሮቿ ጋር ያነሳሉ፡፡ እኔ ግን ትልቁ ሥራዋ በ2016 የሠራችው ነው እላለሁ፡፡ በ80 ዓመቷ ለንደን በሚገኘው ኦልድ ቪክ ቴአትር የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር ሆና ተጫወተች፡፡ ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ መድረክ የተመለሰችው ለወንድ በተጻፈ፣ እጅግ ከባድ በሆነ ገጸ ባሕርይ ነው፡፡ በ2018 የቶኒ ሽልማትን አገኘች፤ በ2023 በ87 ዓመቷ አረፈች፡፡