ከበድ

ከበድ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ተንቀሳቃሽ ቤት የሆነው የአቃል መሸፈኛ ሰሌን ነው። በጅግጅጋ ዙሪያ በፋፈን ዞን፣ እንዲሁም በሺኒሌ በኩል በሲቲ ዞን ይታወቃል።

ሥራው የሴቶች ነው፤ ሙሽራም ስትዳር ዘመዶቿ ተሰብስበው ይሠሩላታል። ዋናው ድካም ያለው ከሽመናው ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ነው። ገሎል ከሚባለው ግራር ልጥ ይላጣል፤ የውስጠኛው ክፍል በጥርስ ጭምር እየታኘከ እስኪለሰልስ ይታሻል፤ ከዚያ ተፈትሎ ክር ይሆናል። በዚህ ክር የሣር እስሮች ጎን ለጎን እየተያያዙ ይሠራሉ፤ ሥራውም በዘፈን ይታጀባል። የሣሩ ጫፍ በአንድ ወገን ጨፍርሮ ይቀራል፤ ያ ወገን ወደ ውጭ ዞሮ ዝናቡን ቁልቁል ያወርዳል። ለስላሳው ገጽ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ ያማረው ጥለት ያለውም እዚያው ነው፣ የሚያየው ባለቤቱና እንግዳው ብቻ ቢሆንም። ሰሌኑ ከአቃሉ የጎበጡ የእንጨት ቅስቶች ላይ ተርፎ እንዲወርድ ተደርጎ ይታሰራል። ቤተሰቡ ሲዘዋወር ሁሉም ተፈትቶ በግመል ይጫናል፤ ሰሌኖቹ ከጭነቱ ሥር ሆነው የግመሉን ጀርባ ከመላላጥ ያድናሉ።

ገሎል ለከሰል እየተቆረጠ ሲመናመን፣ አርብቶ አደሩም በከተማ ዳር ሲሰፍር ከበድ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በተከፈተው የቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያና በቆሎጂ የተፈናቃዮች ሰፈር የቤቶቹ ቅርጽ ያው የአቃል ጉልላት ነው፤ ልባሱ ግን በወስፌ የተሰፋ አሮጌ ልብስ፣ ጆንያና ሸራ ነው። ፀሐይ ሸራውን ቶሎ ይሰነጥቀዋል፤ ጨርቁም ዝናብ ሲመጥ ስለሚከብድ ማሰሪያው ይረግባል።