የእንጨት ሳህን ቀራጮችና ያልተጻፈው ሙያቸው

የእጅ ሙያን ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያጋጥመው ችግር፣ ብዙ የተጻፈለት ሙያ ብዙ ሕዝብ የተገለገለበት ሙያ አለመሆኑ ነው። እንጨትን በቶርኖ እያሽከረከሩ ዕቃ የመቅረጽ ሥራ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። በአውሮፓ ቶርኖ በሁለት ዓይነት ቤት ውስጥ ይገኝ ነበር። አንደኛው የመኳንንቱ ቤት ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ በቤተ መንግሥቱ ቶርኖ አስተክሎ በገዛ እጁ ጌጣጌጥ ይቀርጽ ነበር፤ ፈረንሳዊው መነኩሴ ሻርል ፕሉሚዬም እ.ኤ.አ. በ1701 ስለዚሁ ጥበብ በሥዕል የተደገፈ ትልቅ መጽሐፍ በሊዮን ከተማ አሳትሟል። ሁለተኛው የገጠሩ ቀራጭ ጎጆ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወጣው ሳህን የሕዝቡ ሁሉ መመገቢያ ነበር። ለዚህኛው ቀራጭ ግን ሙያውን በሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፍ የጻፈለት አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያልተጻፈለት ሙያ በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደ ጠፋና እንዴት እንደ ተመለሰ ማሳየት ነው።

ሙያው ጥንታዊ ነው። በግብፅ አገር በቱና ኤል ገበል በሚገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት አካባቢ በተሠራው የጴጦሲሪስ መቃብር ላይ ሁለት ሠራተኞች በቶርኖ ሲሠሩ ተቀርጸው ይታያሉ፤ አንዱ እንጨቱን በጠፍር ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ሌላው ስለቱን ያስጠጋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1545 የሰጠመችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የጦር መርከብ በ1982 ከባሕር ስትወጣ፣ በውስጧ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል መርከበኞቹ ይመገቡባቸው የነበሩ በቶርኖ የተቀረጹ ሳህኖች ይገኙባቸዋል።

የገጠሩ ቀራጭ መሣሪያ የዘንግ ቶርኖ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ ቀስት የሚለጠጥ ረጅም ዘንግ ከቀራጩ ራስ በላይ ይታሰራል። ከዘንጉ ጫፍ የሚወርደው ገመድ፣ ከሚቀረጸው እንጨት ጋር በተያያዘው በትር ላይ ተጠምጥሞ እግር ሥር ካለው መርገጫ ጋር ይገናኛል። ቀራጩ መርገጫውን ሲጫነው እንጨቱ ወደ እርሱ ይዞራል፤ ስለቱም ይፍቃል። እግሩን ሲያነሣ ዘንጉ ገመዱን መልሶ ስለሚስበው እንጨቱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ በዚህ ጊዜ ስለቱ አይቈርጥም። በመሆኑም የሥራው ግማሽ መጠበቅ ነው። የአገራችንን ሸማኔ መርገጫውን ሲረግጥ የተመለከተ መምህር፣ እግርና እጅ እንደዚህ ተስማምተው እስኪሠሩ ድረስ ምን ያህል ልምምድ እንደሚያስፈልግ ይረዳል። እንጨቱም የሚቀረጸው ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ሲደርቅ ጥቂት ስለሚጣመም፣ ክብ ሆኖ የተቀረጸው ሳህን ውሎ አድሮ ሞላላ ይሆናል።

በእንግሊዝ የዚህ ሙያ የመጨረሻው ባለቤት ተብሎ የሚታወቀው ጆርጅ ሌይሊ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ በባርክሻየር ክፍለ ሀገር በበክልበሪ መንደር ከቤተሰቡ በወረሰው ሙያ ኖረ። የሚሠራበት እንጨት ኤልም ከተባለው ዛፍ የሚገኝ ነው፤ የዚህ ዛፍ ጭረት እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ በቀላሉ አይሰነጠቅም። የሌይሊ ዋነኛ ብልሃት ከአንድ ጉማጅ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ብዙ ሳህኖችን ማውጣቱ ነበር። ጫፉ እንደ መንጠቆ የተቈለመመ ስለት ከጠርዙ ወደ ውስጥ አዙሮ ያስገባና ትልቁን ሳህን ከመካከለኛው ይለያል፤ የቀረውን እንደ ገና እየቀረጸ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ያወጣል። ሌላው ቀራጭ ፍቅፋቂ አድርጎ የሚጥለው እንጨት ለሌይሊ ሳህን ነበር። የስለቱ ጕብጠት የሳህኑን ጕብጠት ስለሚወስን፣ መንጠቆዎቹን የሚቀጠቅጣቸው ራሱ ነበር። ጸሐፊው ኤች. ቪ. ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ሌይሊ አውስቷል። ይሁን እንጂ የተጓዥ ብዕር ስለ ሰውየው ጠባይ እንጂ ስለ መንጠቆው ጕብጠት ለመማር ለሚሻ ሰው የሚበቃ ነገር አይተውም።

ሌይሊ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሞት ሙያውን የተረከበው አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሸክላና የብረት ሳህን ከፋብሪካ በርካሽ ከወጣ ብዙ ዘመን አልፎታል። ትምህርት ቤትም ቢሆን ለዚህ ሙያ መጠለያ አልሆነም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ አስገብታለች፤ በስዊድን ደግሞ ኦቶ ሰሎሞን በ1870ዎቹ በኔስ መምህራንን ለዚሁ ማሠልጠን ጀምሯል። ሰሎሞን ለሕፃናት የሚስማማውን የእጅ ሥራ ሲያመዛዝን የመረጠው በቢላዋና በአናጢ መሣሪያ የሚሠራውን እንጂ ቶርኖን አይደለም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ምርጫው ለሕፃናቱ ትክክል ነበር፤ ዓላማው ልጅን ማነጽ እንጂ ሙያን ማቈየት አልነበረምና። ሁለቱ ዓላማዎች የተለያዩ መሆናቸውን ግን የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ዘወትር የሚያስታውሱት አይመስልም።

ሙያው ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደረገው የሌይሊ ቶርኖና መሣሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1951 በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ወደ ተቋቋመው የእንግሊዝ ገጠር ኑሮ ቤተ መዘክር መግባታቸው ነው። በ1990ዎቹ ሮቢን ውድ የተባለ ቀራጭ ከሌይሊ በቃል ሳይማር መሣሪያዎቹን መርምሮ፣ የራሱን መንጠቆ ቀጥቅጦ፣ እየሞከረ ሙያውን መልሶ አገኘው፤ በ2005ም የእንጨት ሳህንን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። አስተማሪው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩ አስደሳች ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሌይሊ አጠገብ የቆመ ተማሪ በዓይኑ አይቶ በእጁ ሊይዘው ይችል የነበረውን ነገር፣ ከዕቃ የሚማር ሰው እንጨት እያበላሸ መፈለግ ግድ ሆኖበታል።

በአገራችን የእንጨት ገበታና ሙቀጫ የሚጠረበው በቶርኖ ሳይሆን በመጥረቢያና በመሮ ነው፤ ለዚህም ዋንዛን የመሰለ እንጨት ይመረጣል። የመሣሪያው ልዩነት ቢኖርም የሙያው አለመጻፍ አንድ ነው፤ በኛ ዘንድ ደግሞ ንቀት ተጨምሮበታል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። የተናቀ ሰው ልጁ የእርሱን ሥራ እንዲይዝ አይመኝም፤ ጠያቂ ሲመጣበትም በጥርጣሬ ያየዋል።

ስለዚህ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ገበታ ጠራቢ ያለው መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ሲሄድ፣ የዕቃውን ስም ብቻ መዝግቦ ባይመለስ መልካም ነው። ዛፉ በየትኛው ወር እንደሚቈረጥ፣ እንጨቱ በእርጥቡ ይሁን ደርቆ እንደሚሠራ፣ ጠራቢው ጉማጁን በእግሩ እንዴት እንደሚይዝ፣ መሮውን ማን እንደሚቀጠቅጥለት ይጠይቅ። ዕቃ ለትምህርት ቤቱ የሚገዛ ከሆነም፣ ካለቀለት ገበታ ጋር በጅምር የቀረና በሥራ ላይ የተሰነጠቀ ቢያገኝ ሁለቱንም ይግዛ፤ የጠራቢው እጅ የት ላይ እንደ ከበደና ስለቱ በየት በኩል እንደ ገባ የሚታየው በእነዚህ ላይ ነው።